ጩኸት የሥራ ዋጋ አይደለም

በአገራችን ብዙ ሰው አምኖ የተቀበለው፣ ሲነገርም የሚከራከርበት ሰው እምብዛም የማይገኝለት አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም መኪና የሚባል ነገር ሁሉ መጮኽ ባሕርዩ ነው፣ ፋብሪካ ያለ ሁካታ፣ ጀነሬተር ያለ ጩኸት፣ የሆቴል ወጥ ቤትን ጢስ የሚያወጣ ማራገቢያም ያለ ጉርምርምታ ሊኖር አይችልም፣ ስለዚህ ልማትን የፈለገ ሕዝብ ከልማቱ ጋር ጩኸቱንም አሜን ብሎ ሊቀበል ይገባዋል የሚለው ነው። ይህንኑ አሳብ የፋብሪካው ጌታ በኩራት ይናገረዋል፣ መሐንዲሱ በሞያ ስም ያጸድቀዋል፣ ጎረቤትም በትዕግሥት ይሸከመዋል፤ እንቅልፍ የነሣው ሰው ሳይቀር «ምን ይደረግ፣ ሥራ ነው» ብሎ ትራሱን በጆሮው ላይ ይደፋል። እኔ ግን አሳቡ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። ጩኸት የአሠራር ጉድለት ምስክር ነው፤ የሚታከመውም በሠራተኛው ጆሮ ወይም በጎረቤቱ ትዕግሥት ላይ ሳይሆን መኪናው በተመረጠበት ወረቀትና በተተከለበት መሠረት ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በሥራ መድከም የሰው ልጅ ዕጣ ስለሆነ ጩኸቱም የዚያው ዕጣ ክፍል ነው ለሚሉት ልመልስ። አዳም ከገነት ሲወጣ በወዙ እንጀራውን እንዲበላ ተፈረደበት እንጂ ጆሮውን መያዣ አድርጎ እንዲያስቀምጥ አልተፈረደበትም። መደንቈርን ከሥራ ጋር ያጣመረው ሰው ራሱ ነው፤ ጉዳቱም ዛሬ የተደረሰበት አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው ምዕት ዓመት መግቢያ ላይ ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉት የቬኒስ አንጥረኞች ጆሯቸው በመዶሻው ድምፅ እየተጎዳ በእርጅናቸው ጊዜ እንደሚደነቍሩ ለዓለም አስታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ደግሞ የግላስጎው ከተማ የጆሮ ሐኪም የሆነው ቶማስ ባር የእንፋሎት ጋን የሚሠሩ መቶ ሠራተኞችን ሰብስቦ፣ የሰዓት ምት ከምን ያህል ርቀት ሊሰማቸው እንደሚችል በየተራ እየመረመረ፣ ከመቶው መካከል ጤናማ ጆሮ ያለው አንድ ሰው እንኳ እንዳላገኘ፣ አብዛኞቹም በጉባኤ መካከል ተናጋሪው የሚለውን ለይተው መስማት እንደተሳናቸው፣ ለማነጻጸሪያ የመረመራቸው የፖስታ አድራሾች ግን ከእነርሱ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ጻፈ። ይህ የሆነው አዲስ አበባ በተቈረቈረችበት ዘመን ነው። እንግዲህ እኛ ፋብሪካን የተቀበልነው ጉዳቱ ከታወቀ፣ ተመርምሮም ከተጻፈ በኋላ ስለሆነ፣ «አላወቅንም ነበር» የሚለው ማመካኛ ለእንግሊዝና ለጣሊያን ቀደምት ባለፋብሪካዎች ምናልባት ሊፈቀድላቸው ይችል እንደሆነ እንጂ ለእኛ አይፈቀድልንም።

ሁለተኛው የተቃዋሚዎቼ ቃል «ጆሮ ይለምዳል» የሚለው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው ያሳሳተው ይኸው ቃል ስለሆነ ጥቂት ልቈይበት። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ፣ በቍጥር ወደ 15,000 የሚጠጉ ባለ ፀጉር ረቂቃን ሕዋሳት አሉ፤ ሰው እነርሱን ከእናቱ ማኅፀን ይዞ ይወለዳል፣ ከዚያ በኋላ የሞተ አይተካም። ብርቱ ጩኸት በሰነበተበት ጆሮ መጀመሪያ የሚጎዱት 4,000 ሄርዝ በሚባለው መጠን አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው፤ በሰው አነጋገር ውስጥ ደግሞ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ የሚታወቁት በዚሁ ቀጭን ድምፅ ነው። ከዚህ የተነሣ ሠራተኛው ጆሮው እየተጎዳ ሳለ ደንቍሬአለሁ አይልም፤ በር ሲንኳኳ፣ ውሻ ሲጮኽ፣ ከበሮ ሲመታ ይሰማዋልና። ነገር ግን ልጁ መጥቶ ስለ ወንድሙ በሬ ሲያወራው «ሸጠው» ይበል «ሰጠው» ለይቶ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ ካስደገመ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ያሳፍረውና ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። ቤተ ሰቡም ሽማግሌው ቍጡ ሆነ፣ ከሰው ተለየ፣ ነገር አይገባውም ይላሉ እንጂ ይህ ሁሉ ከሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ኑሮ የመጣ መሆኑን የሚያስብ የለም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ያረጀ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ለምን ጮኾ እንደሚያወራ ያስተዋለ ሰው የምለው ይገባዋል።

እርግጥ ነው፣ አእምሮ ይለምዳል። ከመኪናው አጠገብ የሚውል ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጩኸቱን ልብ አይለውም፤ ልብ አለማለት ግን አለመጎዳት አይደለም። አዲስ የገባ ሠራተኛ ማታ ከፈረቃ ሲወጣ ጆሮው ጭው ይላል፣ ዓለሙም ሁሉ በጨርቅ የተሸፈነ ያህል ይርቅበታል፤ ሲነጋ ስለሚመለስለት ዳንሁ ብሎ ያስባል። ይህ ዕለት ዕለት እየተደጋገመ ዓመታት ሲያልፉ ሕዋሳቱ ለዘለቄታው ይሞታሉ፣ «አሁንስ ለመድሁት» የሚለው ቃልም ብዙ ጊዜ የሚነገረው በዚያን ሰዓት ነው። የተኛ ሰውም ቢሆን ሳይነቃ ልቡ የጀነሬተሩን መነሣትና መጥፋት እንደምትከታተል፣ የደሙም ግፊት ከፍና ዝቅ እንደሚል በሐኪሞች ምርመራ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ቤት ያለማቋረጥ ከሚሰማ ድምፅ 30 ዴሲቤል እንዲበቃ የወሰነው ስለዚህ ነው።

ስለ ልክ ከተነሣ ዘንድ፣ ዴሲቤል የሚባለው መለኪያ አቈጣጠሩ እንደ ብርና እንደ ኪሎ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ በ3 ዴሲቤል መጨመር ማለት የድምፁ ኃይል እጥፍ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመዘኛ መሠረት 85 ዴሲቤል በሚሰማበት ስፍራ ሰው 8 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፣ እንዲህ እያለ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀድለት ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እየተመታ የሚሠራው አሮጌው የሽመና መኪና በብዛት በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ወደ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። በዚያ አዳራሽ ጆሮዋን ሳትከልል ስምንት ሰዓት የቆመች ሴት የ32 ቀን ድርሻዋን በአንድ ፈረቃ ተቀበለች ማለት ነው።

ወደ መኪናው ልመለስ። ከነጋዴም ከገዢም ዘንድ የሚጮኽ መኪና ብርቱ ነው የሚል እምነት አለ፤ ጀነሬተር ሲገዛ አስነሥቶ ማስጮኽ፣ ማራገቢያ ሲሸጥ «ስማው ጉልበቱን» ማለት የተለመደ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ጩኸት የባከነ ጉልበት ነው የሚሉ አሉ፤ እነዚህም ቢሆኑ ወደ እውነቱ ቀረቡ እንጂ አልደረሱበትም። የድምፅ ኃይሉ 100 ዴሲቤል የሆነ መኪና በድምፅነት የሚበትነው ጉልበት ከአንድ ዋት መቶኛው እጅ ብቻ ነውና፣ ይህ ቢቈጠብ አንዲት አምፖል እንኳ አያበራም። የሚባክነው ድምፁን በወለደው ምክንያት ነው፤ ሚዛኑን በሳተ ጎማ፣ ቅባት ባጣ ኵሽኔታ፣ በላላ ቺንጋ፣ ከሁሉም ይልቅ ያለ ልክ በሚፈጥን አየር። ማራገቢያ የሚጮኸው አየር ስለሚገፋ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አየሩን ስለሚያንገላታ ነው።

ይህንን በዝርዝር ማየት ይበጃል። ስምንት ቅጠል ያለው ማራገቢያ በደቂቃ 1,440 ጊዜ ቢዞር ቅጠሎቹ አየሩን በሴኮንድ 192 ጊዜ ይመቱታል፤ ጎረቤት ሌሊቱን ሁሉ የሚሰማው ያ የማይለዋወጥ ዜማ ይህ ነው። አሁን የዚህን ማራገቢያ ፍጥነት ከመቶ 20 እጅ ብንቀንሰው፣ የሚያወጣው አየር በዚያው ልክ ከመቶ 20 ይቀንሳል፤ የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ድምፁም 5 ዴሲቤል ያህል ይወድቃል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ኃይሉ ስምንተኛ እጅ፣ ድምፁም 15 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ያንኑ አየር ማውጣት የፈለገ ሰው ትንሹን ማራገቢያ በጥድፊያ ከሚያዞር ይልቅ ትልቁን በዝግታ ቢያዞር ወጪውንም ጩኸቱንም በአንድነት ያቃልላል። በኛ አገር ግን ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሠሪው ላሜራ ለመቈጠብ ሲል ቱቦውን ያጠበዋል፣ ቦታ ለመቈጠብ ሲል ከማራገቢያው አፍ ላይ ወዲያው በቀጥታ ማዕዘን ያጥፈዋል፤ በጠበበው ቱቦ አየሩ ሲፈጥን፣ በማዕዘኑም ሲጋጭ ድምፅ ይወልዳል፤ የአየሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆንም በመታጠፊያው ላይ ያለው ድምፅ ከ15 እስከ 18 ዴሲቤል ይጨምራል። በላሜራው የተቈጠበው ብር ማራገቢያው በሠራባቸው ዓመታት ሁሉ በኤሌክትሪክ ሒሳብ መልክ ተመልሶ ይከፈላል። ይህንን ቍጠባ ብለው የሚጠሩት ሰዎች ሒሳባቸውን ደግመው ቢመረምሩት ይሻላቸው ነበር።

በነገሬ መካከል አንድ መኪና ነጻ ላውጣ። በገጠር የናፍጣ ወፍጮ ጢስ መውጫው ላይ የሚሰማው ያ ከሩቅ የሚጠራ ቱክ ቱክታ፣ እህሏን በአህያ ጭና ለምትመጣው ባልቴት ወፍጮው ዛሬ መሥራቱን ከተራራ ማዶ የሚያበሥር ደወል ነው፤ ሲመሽም ዝም ይላል። ይህንን እንደ ሌላው ጩኸት ቈጥሬ ልከሰው አልወድም። ከወፍጮው ቤት ውስጥ ዱቄት ለብሶ የሚውለው ባለወፍጮ ግን ጆሮው ከሸማኔው ጆሮ የተለየ አይደለምና፣ ለእርሱ ክርክሬ እንደ ጸና ነው።

አሁን መኪናውን ስለ መትከል ልናገር፤ እዚህ ላይ በቸልታ ከሚደረገው ይልቅ በበጎ አሳብ የሚደረገው ስሕተት ያስደንቃል። ማራገቢያው ወይም የአየር መጭመቂያው በሕንጻው ጣራ ላይ በብሎን ከኮንክሪቱ ጋር ሲታሰር፣ ንዝረቱ በዓምድና በግድግዳ ወርዶ አራት ፎቅ በታች ያለውን መኝታ ቤት ያናጋል፤ በዚያ የሚተኛው ሰውም ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ስለማያውቅ ላይኛውን ጎረቤት ይከስሳል። ነዋሪው ሲጮኽ ሠራተኛ ይጠራና ከአሮጌ የመኪና ጎማ አራት ቍራጭ ቈርጦ ከእግሮቹ በታች ያነጥፋል፤ ሁሉም ጎማ ንዝረት ያጠፋል ብሎ ያምናልና። የፍጥረት ሕግ ግን እንዲህ አይልም። በደቂቃ 900 ጊዜ የሚዞር ማራገቢያ በሴኮንድ 15 ጊዜ ይገፋል፤ ይህን ግፊት ለመከልከል ከሥሩ የሚቀመጠው ነገር በራሱ በሴኮንድ 5 ጊዜ ያህል ብቻ የሚወዛወዝ፣ ማለትም በመኪናው ክብደት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ የሚል ለስላሳ የብረት ሞላ መሆን አለበት። ያ የጎማ ቍራጭ ግን በክብደቱ ዝቅ የሚለው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ የገዛ ራሱ ውዝዋዜ በሴኮንድ ወደ 16 ይጠጋል፤ ይህም ከማራገቢያው ግፊት ጋር ስለሚገጥም ንዝረቱን ያበረታዋል። መድኃኒቱ በሽታውን አባሰው፣ ሰዎችም «ጎማ እንኳ አድርገንበት አልሆነም፣ እንግዲህ ተፈጥሮው ነው» ብለው ያንኑ አሮጌ እምነት አጸኑ። ሞላው ሲቀመጥም ቱቦው ከማራገቢያው ጋር በጠንካራ ላሜራ ከተያያዘ ንዝረቱ በዚያ ያመልጣልና፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር የሸራ መገጣጠሚያ ሊኖር ይገባል።

የጀነሬተር ቤትም እንዲሁ ነው። ወፍራም ግድግዳ ይሠራለታል፣ ግን ከግድግዳው ስፋት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ክፍተት ቢተው ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊከለክል አይችልም፤ የኛዎቹ ቤቶች ግን ጀነሬተሩ እንዳይሞቅ ተብሎ በራቸው ተከፍቶ ያድራል። አየር የግድ ያስፈልገዋል፣ እውነት ነው፤ ስለዚህ የአየሩ መግቢያና መውጫ ከቀለጠ ድንጋይ በተፈተለ ሱፍ የተለበጠና በቀዳዳማ ላሜራ የተሸፈነ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ሆኖ ይሠራል፣ አየሩ ያልፋል፣ ድምፁ ግን በሱፉ ውስጥ እየተዋጠ ይቀራል። ማርሚታውም ሲበሰብስ ይለወጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ባለሞያዎቻችን ሊሠሩት የማይችሉት ነገር የለም፤ ላሜራ አጣፊው በጎጃም በረንዳ፣ ሱፉም በገበያ አለ።

ጆሮ የማይሰማው ንዝረት ሳይቀር ሰውን ሊያውክ እንደሚችል የሚጠቁም አንድ ታሪክ አለ። ቪክ ታንዲ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሕክምና መሣሪያዎች በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ውስጥ በሌሊት ብቻውን ሲሠራ ብርድ ብርድ አለው፣ የሚመለከተው ያለ መሰለው፣ ቀጥሎም በዓይኑ ጠርዝ አንድ ግራጫ ጥላ አጠገቡ ቆሞ አየ፤ ዘወር ሲል ጥላው ጠፋ። በማግስቱ ለውድድር የሚይዘውን ቀጭን ሰይፍ ሊያድስ በሞርሳ ቢያስረው፣ ማንም ሳይነካው የሰይፉ ጫፍ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰውየው መሐንዲስ ነበርና ከመሸሽ ይልቅ መለካትን መረጠ፤ በክፍሉ ውስጥ በሴኮንድ 19 ጊዜ ያህል የሚመላለስ፣ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ልክ በታች የሆነ የአየር ማዕበል ቆሞ አገኘ፣ ምንጩም አዲስ የተተከለ የአየር ማውጫ ማራገቢያ ነበር። የማራገቢያው አተካከል ሲለወጥ ማዕበሉ ጠፋ። ታንዲ ነገሩን ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 በጽሑፍ አወጣው። ጥላውን ያሳየው በእርግጥ ንዝረቱ ነው ወይ በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ሰይፉን ያንቀጠቀጠው ማራገቢያው መሆኑ ግን አላከራከረም። በኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ጠበል ተረጭቶ ክፍሉ ይዘጋ ነበር፣ ማራገቢያውም እስከ ዛሬ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛው የተቃዋሚዎቼ ምሽግ የጆሮ መሰኪያ ነው። «ለሠራተኛው መሰኪያ ሰጥተናል፣ ባያደርገው ጥፋቱ የእርሱ ነው» ይባላል፤ በዚህም ቃል የመኪናው በደል ተገልብጦ በተበዳዩ ላይ ይጻፋል። መሰኪያውን አልንቅም፤ ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ ድረስ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሒሳቡን እንይ፤ 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መልካም መሰኪያ የተሰጠው ሰው ከፈረቃው ግማሹን ያህል ጊዜ ቢያወልቀው፣ ለቀኑ በሙሉ ያገኘው ጥበቃ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በወለቀበት ግማሽ ቀን የገባው ጩኸት ሌላውን ሁሉ ያጠፋዋልና። ለምን ያወልቀዋል? ላብ ስለሚያሳክከው፣ አለቃው ሲጠራው መስማት ስላለበት፣ መኪናው ሊሰበር ሲል የሚሰጠውን የተለየ ድምፅ ለመለየት፣ ከአጠገቡ ከቆመው ባልንጀራው ጋርም ሰው ሆኖ ለመነጋገር። ይህን ሁሉ ሠራተኛው በፈቃዱ እንዲተው ከመጠየቅ መኪናውን ዝም ማሰኘት ይቀላል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ሥራ ቦታ አየር፣ ጩኸትና ንዝረት ባወጣው 148ኛው ስምምነት በመጀመሪያ ስፍራ ያስቀመጠው መኪናውንና አሠራሩን የሚመለከተውን የቴክኒክ እርምጃ ነው፤ ለሰውነት የሚለበሰው መከላከያ የሚመጣው ያ ሳይበቃ ሲቀር ነው። እኛ ዘንድ ኋለኛው ፊተኛ ሆነ፤ የፊተኛው ስምም አይነሣም።

የቀረው «ድሆች ነን፣ ጸጥታ የባለጠጋ ምቾት ነው» የሚለው ቃል ነው። ድህነታችንን አልክድም። ግን ድሃ አገር ካላት ሀብት ሁሉ ዋናው የሰዎቿ ጉልበትና አእምሮ ከሆነ፣ ያንን ሀብት በጩኸት ማበላሸት ከባለጠጋው ይልቅ የሚከብደው በድሃው ላይ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በማንሐተን ሰሜናዊ ክፍል የባቡር ሐዲድ አጠገቡ የሚያልፍ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነበር፤ አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር ከአንድ ባልደረባቸው ጋር መርምረው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ በሐዲዱ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች ጸጥ ባለው ወገን ከሚማሩት እኩዮቻቸው በንባብ እስከ አንድ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው መገኘታቸውን ገለጡ። ከዚያ በኋላ ከሐዲዱ ሥር የጎማ ንጣፍ ገባ፣ በክፍሎቹም ጣራ ድምፅ የሚውጥ ሰሌዳ ተለጠፈ፤ ይኸው ነው የተደረገው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሁለተኛ ጥናት በሁለቱ ወገን ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ። የልጆችን አንድ ዓመት የመለሰ የጎማ ንጣፍ ውድ ነው ሊባል የሚችለው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው? ከብረታ ብረት ሥራ ቤትና ከጀነሬተር ጋር ግድግዳ ተጋርተው የሚማሩ የኛ ልጆች ስንት ወር ወደ ኋላ እንደሚቀሩ ቢመረመር፣ «ጸጥታ ምቾት ነው» የሚለው ቃል ከአፋችን ባልወጣ ነበር።

ደግሞም ወጪው የሚበዛው ዘግይቶ ሲደረግ ነው። በንድፉ ጊዜ ጀነሬተሩን ከመኝታ ቤት ፊት ወደ ጓሮው ማዛወር ዋጋው የእርሳስ መስመር ነው፤ ሕንጻው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ፣ ቱቦ መለወጥ፣ ከጎረቤት ጋር በፍርድ ቤት መመላለስ ይሆናል። ከምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቍጥር ድምፁ በሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ይቀንሳልና፣ አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ቀድሞ ማሰብ ብቻ ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል ሕግ አለን። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ጩኸትን ከብክለት ወገን ቈጥሮታል፤ የወጣውም መመዘኛ ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፣ ለንግድ ሠፈር 65ና 55፣ ለኢንዱስትሪ ሠፈር 75ና 70 ብሎ ወስኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቁን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሎታል። የጎደለው ቃሉን ወደ ግዢ ወረቀት የሚያወርደው ሰው ነው። ተቈጣጣሪ መለኪያውን ይዞ የሚመጣው መኪናው ከተተከለና ጎረቤቱ ከከሰሰ በኋላ ነው፤ በዚያን ሰዓት ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሏል፣ ብሎኑም ታስሯል፣ ክርክሩም ሁሉ ስለ ይቅርታ ይሆናል።

ስለዚህ ልመናዬ የሚቀርበው ለተቈጣጣሪው ሳይሆን ለገዢው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የመኪናዎች መመሪያ መሠረት፣ በሥራ ቦታው ላይ ከ70 ዴሲቤል በላይ የሚጮኽ መኪና የሚሠራ ፋብሪካ የድምፁን ልክ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንዲጽፍ ግዴታ አለበት፤ ቍጥሩ ለክቶ ተጽፎ ተቀምጧል፣ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው። የፋብሪካ ባለቤት የሆናችሁ፣ ሆቴል የምትሠሩ፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ማራገቢያም ሆነ ጀነሬተር ወይም የአየር መጭመቂያ ስትገዙ በፕሮፎርማው ላይ ከዋጋውና ከፈረስ ጉልበቱ አጠገብ የድምፁ ዴሲቤል እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ በጨረታ ሰነዱም ላይ ከዚህ ልክ የሚያልፍ አይቀርብም ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩ። ቍጥሩን ሊነግራችሁ ከማይችል ሻጭ አትግዙ።